ነርስነትና ልዩ ልዩ ክፍሎቹ
ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ



ባለፈው ዓመት መጨረሻ አንድ መምህራችን በክፍላችን ውስጥ እየዞሩ እያንዳንዳችን ወደ ፊት ምን ለመሆን እንደምናስብ ጠየቁን። ሐኪም እሆናለሁ ያለው ብዙ ነበር፤ መሐንዲስ፣ አውሮፕላን አብራሪ፣ ነጋዴ እሆናለሁ ያለም አልጠፋም። ተራው ደርሶኝ «ነርስ» ብዬ ብመልስ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ከጓደኞቼም አንዱ አዝኖልኝ «ውጤትሽ እኮ ለሐኪምነት ይበቃል» አለኝ። በዚያን ቀን የምመልስለት ቃል አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ልመልስለት ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

ነርስ ማን ነው?

ነርስ የሚለው ስም ከእንግሊዝኛ የመጣ ቢሆንም ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አማርኛችን «ማስታመም» የሚል ቃል አለው። ማስታመም ማለት ከታመመው ሰው አጠገብ ሳይለዩ ተቀምጦ ውኃ ማቅረብ፣ ማገላበጥ፣ ማጽዳት፣ ሌሊቱን አብሮ ማንጋት ነው። በየቤታችን እናቶቻችንና አያቶቻችን ይህን ሲሠሩ ኖረዋል። ነርስ ደግሞ በትምህርትና በልምምድ የተዘጋጀ አስታማሚ ነው። እናት የልጅዋን ግንባር ዳስሳ ትኩሳት እንዳለው ታውቃለች። ነርስ ግን ትኩሳቱ ስንት ዲግሪ እንደ ሆነ ትለካለች፤ ከአራት ሰዓት በፊት ስንት እንደ ነበረ ከመዝገቡ ታያለች፤ ከፍ እያለ የሄደ እንደ ሆነም ምን መደረግ እንዳለበትና ማን መጠራት እንዳለበት ታውቃለች።

ብዙ ሰዎች ነርስነትን ግማሽ ሐኪምነት አድርገው ይቈጥሩታል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ የበሽታውን ስም ይለያል፣ መድኃኒቱን ያዝዛል፣ ወደ ሌላው አልጋ ያልፋል። ነርሷ ግን እዚያው ትቈያለች። በሽታ ደግሞ ሐኪሙ ተመልሶ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቍስሉ ይደማል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ የሚወርደው የግሉኮስ ከረጢት ያልቃል። ይህን ሁሉ ከማንም በፊት የምታየው ነርሷ ናት። ስለዚህ የነርስነት ዕውቀት በአጭሩ በአራት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል፤ እነርሱም ማየት፣ መቍጠር፣ መጻፍና በጊዜው መናገር ናቸው። ከዚህ በታች የምንመለከታቸው ክፍሎች የሚለያዩት በሚታየውና በሚቈጠረው ነገር ነው እንጂ ግንዳቸው አንድ ነው።

የሙያው ታሪክ በአጭሩ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ምልክት ከሌለበት በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዛሬው ነርስነት ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ስም የእንግሊዛዊቷ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። ይህች ሴት በ1820 ተወለደች። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1854፣ 38 ሴቶችን ይዛ በቱርክ አገር በስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ሄደች። እዚያም ወታደሮቹ ከቍስላቸው ይልቅ በታይፈስ፣ በኮሌራና በተቅማጥ እንደሚያልቁ አየች። ሙታኑን በየወሩና በየምክንያቱ አስቈጥራ በሥዕል እስኪታይ ድረስ ለመንግሥት አቀረበች። በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ። የተወለደችበት ቀን፣ ይኸውም ግንቦት 4 ቀን፣ እስከ ዛሬ የዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል። ፋኖስ ይዛ በሌሊት በሽተኞችን ስለ መጐብኘቷ ብዙ ይነገራል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ያዳነው ፋኖሱ ብቻ ሳይሆን ከቍጥሩ የተገኘው ትምህርት ጭምር ነው።

በአገራችን ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ሊታወሱ ይገባል። ልዕልት ፀሐይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የሕፃናት ነርስነትን ተማሩ፤ ትምህርታቸውንም በ1939 ፈጸሙ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕፃናትን ሽንት ጨርቅ ለመለወጥና አልጋ ለማንጠፍ እጃቸውን ማጠፋቸው ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ብዙ አልቈዩም፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምቴ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 22 ዓመት ነበር።

ለመታሰቢያቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ። በ1959 ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ከአውስትራልያ መጡ። እነዚህ ባልና ሚስት በምጥ መርዘም ምክንያት በፌስቱላ የሚሠቃዩትን ሴቶች አይተው በዚሁ አገር ቀሩ። በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ በ2007 ደግሞ በስማቸው የሚጠራ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። እንግዲህ ልብ ብለን ብንመለከት፣ በእርግዝና ምክንያት በወጣትነታቸው በተቀጠፉት ነርስ ስም የተሠራው ቤት ሌሎች እናቶችን የሚያድኑ አዋላጆች ይወጡበት ዘንድ የታሰበ ቤት ሆነ።

ከ1950 አካባቢ ጀምሮ የቀይ መስቀልን ትምህርት ቤት የመሳሰሉ የነርሶች ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ ተከፍተዋል። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅም ከጤና መኮንኖችና ከአካባቢ ጤና ሠራተኞች ጋር ወደ ገጠር የሚሄዱ ነርሶችን አብሮ አሠልጥኗል።

የሙያው ሀሁ

ማንኛውም ነርስ፣ ወደ የትኛውም ክፍል ቢገባ፣ በመጀመሪያ የሚማረው የሕይወት ምልክቶችን መለካት ነው። እነርሱም የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ትርታ፣ ትንፋሽና የደም ግፊት ናቸው። ጤነኛ ጐልማሳ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ የደም ግፊቱም በ120 በ80 አካባቢ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ በጣት ላይ በሚደረግ ትንሽ መሣሪያ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይለካል።

ይሁን እንጂ አንድ ቍጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተኝቷል እንበል። የልቡ ትርታ በመጀመሪያ 80፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 96፣ ቀጥሎም 118 ቢሆን፣ የደም ግፊቱም በዚያው መጠን ቢወርድ፣ ቍስሉ በላይ ደርቆ ቢታይም በውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያስታውቀው የቍጥሮቹ ተከታታይነት ነው፤ ተከታታይነቱም የሚገኘው ነርሷ በየጊዜው ለክታ የጻፈች እንደ ሆነ ብቻ ነው።

መድኃኒት በመስጠትም በኩል ነርስ በየጊዜው አምስት ነገሮችን ታረጋግጣለች፤ እነርሱም ትክክለኛው በሽተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድና ትክክለኛው ሰዓት ናቸው። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል በሽተኛ ደግሞ ጀርባው እንዳይቈስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ይህ በመዘንጋቱ ብቻ ከዋናው ሕመሙ ተርፎ በመኝታ ቍስል የሚሠቃይ ሰው አለ።

ልዩ ልዩ ክፍሎች

1ኛ፤ አዋላጅነት። ዛሬ አዋላጅነት (ሚድዋይፈሪ) ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ከነርስነት ጋር ያለው ዝምድና የቅርብ ስለ ሆነ ከዚህ ልናስገባው ይገባል። አዋላጅ ምጥ የያዛትን ሴት ስትጠብቅ ፓርቶግራፍ በሚባል ወረቀት ላይ የማሕፀን በር እንዴት እየተከፈተ እንደ ሆነ፣ ምጡ ምን ያህል እንደሚመላለስ፣ የፅንሱም ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ትመዘግባለች። የፅንስ ልብ ከ110 እስከ 160 ይመታል፤ ከዚህ ከወረደ ወይም ካለፈ አዋላጅዋ ምክንያቱን ፈጥና ትፈልጋለች። በወረቀቱ ላይ የሚሰመረው መሥመር ወደ ጐን እየተጓተተ ከሄደ ምጡ ተሰናክሎ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ሳይጠፋ እናቲቱን ቀዶ ሕክምና ወደሚደረግበት ቦታ መላክ ያስፈልጋል። በፌስቱላ የሚሠቃዩ ብዙ ሴቶች ይህን መሥመር የሚያሰምርላቸው ሰው ያላገኙ ናቸው። ከወሊድ በኋላም አዋላጅዋ ማሕፀን እንዲኰማተር መድኃኒት ትወጋለች፤ የፈሰሰውንም ደም ትገምታለች፤ ግማሽ ሊትር ካለፈ አደጋ ነው።

2ኛ፤ የሕፃናት ነርስነት። ሕፃን የት እንደሚያመው መናገር አይችልም። ስለዚህ የሕፃናት ነርስ ሰውነቱን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይኖርባታል። ይህን ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ የማውቀው በቤታችን ከደረሰ ነገር ነው።

የ4ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ በ8 ወሩ በክረምት ሳል ያዘው። እናቴ ወደ አንድ ክሊኒክ ብትወስደው ጉንፋን ነው ብለው ሽሮፕ ሰጥተው መለሷት። ልብሱን ገልጦ ያየው ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጡት እንቢ አለ። እናቴም በነጠላዋ ጠቅልላው፣ እኔንም አስከትላ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። በመተላለፊያው ላይ ተራ ስንጠብቅ ዕድሜያቸው ጠና ያለ አንዲት ሲስተር ሲያልፉ ወንድሜን አይተው ቆሙ። ወረፋችን አልደረሰም ነበር። ሸሚዙን ወደ ላይ ገለጥ አድርገው፣ የእጅ ሰዓታቸውን አውጥተው፣ ደረቱን እያዩ ዝም አሉ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉ። እኔ ልጅ ነኝና «ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ እናቴን ብጠይቃት በእጅዋ አፌን ያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ ሲስተር «እኅቴ፣ ልጅሽ በደቂቃ 62 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በዚህ ዕድሜው 50 ሊደርስ አይገባውም ነበር። ከጎድኑም በታች ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ይህ ጉንፋን አይደለም፤ አይዞሽ፣ ግን አሁን እንሄዳለን» አሉ። የሳንባ ምች ነበር። በዚያው ሰዓት መርፌ ተወጋ፤ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተልኮ ኦክስጅን ተሰጠው፤ በአምስተኛውም ቀን ወደ ቤት ተመለሰ። ዛሬ 1ኛ ክፍል ነው፤ ሲሮጥ እኔ አልደርስበትም።

ኋላ ሳነብ እንደ ተረዳሁት ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 11 ወር የሆነ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅም 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሳልም ካለበት፣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ጤና ድርጅት መወሰድ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓትና አንድ ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው። ወንድሜን በመጀመሪያው ቀን ያላገኘችው ያቺ አንድ ደቂቃ ናት።

ከዚሁ ክፍል ጋር የጨቅላ ሕፃናት ነርስነት ይያያዛል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ክብደታቸው ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ጨቅላዎች ሙቀታቸውን መጠበቅ ስለሚያዳግታቸው በማሞቂያ ሣጥን ይቀመጣሉ፤ ወይም በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፈው እንዲሞቁ ይደረጋል። ይህ ሁለተኛው ዘዴ «የካንጋሮ እንክብካቤ» ይባላል።

3ኛ፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስነት። በዚህ ክፍል ያለ ነርስ መሣሪያዎቹ ከተሕዋስያን የጸዱ መሆናቸውን ይጠብቃል፤ ለቀዶ ሐኪሙም በቅደም ተከተል ያቀብላል። ከሁሉ የሚበልጠው ኀላፊነቱ ግን ቆጠራ ነው። ሆድ ከመከፈቱ በፊት ጨርቆቹ፣ መርፌዎቹና መቀሶቹ ይቈጠራሉ፤ ከመዘጋቱም በፊት እንደ ገና ይቈጠራሉ። አንድ ጨርቅ የጐደለ እንደ ሆነ ነርሱ «አይዘጋም» የማለት መብትም ግዴታም አለበት፤ ቀዶ ሐኪሙ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን ሊያደምጠው ይገባል። ማደንዘዣ መስጠትም ተጨማሪ ትምህርት የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይህን ሥራ ተሸክመው የኖሩት በዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው።

4ኛ፤ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ነርስነት። በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ያለ ነርስ በሽተኞችን በቀለም ይለያል፤ ቀይ የተሰጠው አሁኑኑ፣ አረንጓዴ የተሰጠው ደግሞ ቈይቶ ይታያል። እዚህ ቦታ የሚቀድመው ቀድሞ የመጣው ሳይሆን የባሰበት ነው። ይህን ባለማወቅ ነርሱን የምንሳደብ ብዙዎች ነን። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሰዎች ስላሉ አንድ ነርስ ከአንድ ወይም ከሁለት በሽተኛ በላይ ሊይዝ አይገባውም። በ2019 መጨረሻ የተነሣው የኮቪድ ወረርሽኝ የዚህን ክፍል ጥቅም ለዓለም ሁሉ አሳይቷል።

5ኛ፤ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት። እዚህ ክፍል ዋናው መሣሪያ ጆሮ ነው። ነርሱ በሽተኛው ስንት ሰዓት እንደ ተኛ፣ ምግብ እንደ በላ፣ ራሱን ለመጕዳት የሚያስብ እንደ ሆነ በዘዴ ይጠይቃል። በአገራችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአማኑኤል ሆስፒታል የሠለጠኑ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተልከዋል። ጠቢብ ነርስ ጠበል የሚጠመቀውን በሽተኛ አይገሥጽም፤ ጠበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ይመክራል እንጂ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ሕመም ይሠራል።

6ኛ፤ የዐይን ነርስነት። በአገራችን ገጠር ትራኮማ ያጠቃቸው ሰዎች የዐይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል፤ ካልታከመ ያሳውራል። ሽፋሽፍቱን የሚመልሰውን ትንሽ ቀዶ ሕክምና በየወረዳው ከሚሠሩት ውስጥ የሠለጠኑ ነርሶች ይገኛሉ።

7ኛ፤ የኅብረተሰብ ጤና ነርስነት። ይህ ነርስ በሽተኛውን በአልጋ ላይ አይጠብቅም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው በሽታው ሳይመጣ ወደ ሰዉ ይሄዳል። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ሕፃናትን ይከትባል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረው ሰው ሳል ስለ ተወው ብቻ እንዳያቋርጥ ለወራት ይከታተላል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ካልተጠበቀ ስለሚበላሽ፣ መኪና በማይገባበት መንገድ የበረዶ ሣጥን ተሸክሞ በእግሩ ይጓዛል።

ከእነዚህም ሌላ የካንሰር፣ የኩላሊት እጥበት፣ እንዲሁም ሊድኑ የማይችሉትን ሕመማቸውን የማስታገሥ ነርስነት አለ።

ትምህርቱና ችግሩ

በአገራችን በዲግሪ ደረጃ ነርስነትን ለመማር 4 ዓመት ያስፈልጋል። ተማሪው የሰውነት ክፍሎችን፣ የመድኃኒት ትምህርትንና የተሕዋስያንን ጠባይ ይማራል፤ በሆስፒታልም ይለማመዳል። ከተመረቀ በኋላ የብቃት ምዘና አልፎ የሥራ ፈቃድ ይቀበላል። የፈለገም በአንዱ ክፍል እስከ ማስተርስና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል። ነርስነት የሴት ሥራ ብቻ ነው ለሚሉትም፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ወንዶች ነርሶች ብዙ መሆናቸውን ልብ ማለት ይበቃል።

የሥራውን ችግር ግን መደበቅ አይገባኝም። ሌሊት መሥራት ያደክማል፤ የተጠቀመበት መርፌ ሊወጋ ይችላል፤ ደመወዙ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፤ ነርሶች ጥቂት በሆኑበት ቦታ አንዱ ለብዙ አልጋ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው መግለጫ በ2023 በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንደ ነበሩና ገና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጐድሉ ገልጧል። ጉድለቱም የሚበዛው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ተቈጣች፣ ዘገየች ብለን የምንወቅሳት ነርስ ምናልባት የሦስት ሰው ሥራ ብቻዋን የያዘች ልትሆን ትችላለች።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለጓደኛዬ መልሴ ይህ ነው። ሐኪምነትን አልናቅሁም፤ የወንድሜን መድኃኒት ያዘዘው ሐኪም ነውና አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ወደ ሐኪሙ ያደረሱት ቆመው የቈጠሩት ሲስተር ናቸው። ውጤቴ ለሐኪምነት የሚበቃ ከሆነ ለነርስነትም ይበቃ ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለዚያች ደቂቃ የሚበዛበት ዕውቀት የለምና።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ነርስ እሆናለሁ ቢላችሁ «ሌላ አልሆንልህ ብሎ ነው ወይ?» አትበሉት። አባቴም በመጀመሪያ እንዲሁ ብሎኝ ነበር፤ እናቴ ግን ወንድሜን አሳየችውና ዝም አለ። እናንተም ጓደኞቼ፣ ምንም ሙያ ብትመርጡ፣ በቤታችሁ የሚያስል ሕፃን ካለ ዛሬ ማታ ሸሚዙን ገልጣችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቍጠሩ።